ስምንት ባንዲራ ነበር፤ ሩምሜቴ የቱ ጋ ትቁም?

ሚሚ_ኦሃዮ (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ኦሃዮ ውስጥ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጎንደር ተወልጄ በ9 ዓመቴ ነው አሜሪካ የገባሁት። እዚህ ብዙ ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ራሳችን ነው። ዛሬ ግን ስለ ሩምሜቴ ልጽፍ ነው። ጠይቄያት ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ብቻ አልጠራም።

ሩምሜቴን ያያት ሁሉ «ህንድ ናት» ይላል። አይደለችም። ወላጆቿ የቡታን ሰዎች ናቸው። ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው ግን ኔፓልኛ ነው። እሷ የተወለደችው ምሥራቅ ኔፓል፣ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ነው። ቡታንን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ኔፓልም ዜጋዬ ብላ አልተቀበለቻትም። በሕይወቷ የያዘችው ፓስፖርት የአሜሪካ ብቻ ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። ደቡብ ቡታን ውስጥ ኔፓልኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ለብዙ ትውልድ ኖረዋል። ብርቱካን ያመርታሉ። የእኛን ኮረሪማ የሚመስል ትልቅ ሄልም ያመርታሉ። በ1985 አዲስ የዜግነት ሕግ ወጣ። በ1988 ቆጠራ መጣና «በ1958 ግብር የገበራችሁበትን ደረሰኝ አምጡ» ተባሉ። የ30 ዓመት ወረቀት! ያላገኘ ሰው መጤ ተብሎ ተመዘገበ። ቀጥሎ የአገሪቱ ባህል ልብስ ግዴታ ሆነባቸው። ኔፓልኛ ከትምህርት ቤት ወጣ። በ1990 ሰልፍ ሲወጡ እስር ተከተለ፣ ከዚያ መባረር። ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ኔፓል ገብተው በቀርከሃ ጎጆ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ተቀመጡ። ከ2008 ጀምሮ ነው አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ የመጡት። ዛሬ ኮሎምበስ፣ አክረን፣ ፒትስበርግ፣ ሃሪስበርግ ብትሄዱ ሰፈር ሙሉ ታገኟቸዋላችሁ።

አሁን ወደ ነገሬ። አንደኛ ዓመት እያለን የደቡብ እስያ ተማሪዎች ማኅበር የትውውቅ ምሽት ነበረው። አብሬያት ሄድኩ። አዳራሹ ዙሪያ 8 ጠረጴዛ፣ በላዩ 8 ባንዲራ፦ ህንድ፣ ፓኪስታን፣ ባንግላዴሽ፣ ኔፓል፣ ስሪላንካ፣ አፍጋኒስታን፣ ማልዲቭስ፣ ቡታን። ሳሞሳው ይሸታል፣ ሙዚቃው ደስ ይላል። ከዚያ መድረክ ላይ ያለችው ልጅ «የአገራችሁ ባንዲራ ጋ ሄዳችሁ ቁሙ» አለች።

የህንዱ ጠረጴዛ ወዲያው ሞልቶ ፈሰሰ። ማልዲቭስ ጋ ማንም የለም። ሩምሜቴ መሀል ላይ ቀረች። የቡታን ባንዲራ ላይ ነጭ ድራጎን አለ። አያቷን ከመሬቷ ያባረረው መንግሥት ባንዲራ ነው። እሱ ጋ እንዴት ትቁም? ወደ ኔፓሉ ሄደች። ከካትማንዱ የመጡት ልጆች በደስታ ተቀበሏት። «የት ነው ቤታችሁ?» አሏት። «መጠለያ ነው ያደግነው» አለች። ዝም አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ምን እንደሚሉ ነው የጠፋቸው። እሷ ስልክ የተደወለላት መስላ ወጣች። እኔ አዳራሽ ውስጥ 20 ደቂቃ ጠበቅኳት።

ሳምንት ሙሉ አላወራችም። ከዚያ አንድ ማታ መብራት አጥፍተን እንደተኛን «ሚሚ፣ አንቺ ከየት ነሽ ሲሉሽ ባንድ ቃል ትመልሻለሽ አይደል?» አለችኝ።

እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እናንተስ? አብረዋችሁ የተማሩ የህንድ፣ የፓኪስታን፣ የባንግላዴሽ፣ የኔፓል፣ የስሪላንካ ልጆች ኮሌጅ ሲገቡ ምን ገጠማቸው? የት ነው «እዚህ የእኔ ቦታ ነው» ያሉት? ከልቤ ማወቅ እፈልጋለሁ።

---

አቤል_ኒውጀርሲ

ሚሚ፣ ጥሩ ነገር አነሳሽ። እኔ ከተመረቅኩ 6 ዓመት ሆነኝ። ኮሌጅ ሳለሁ ሁለት ዓመት አብሮኝ የኖረው ልጅ ሲክ የሚባለው የህንድ እምነት ተከታይ ነው። ወላጆቹ ከህንድ፣ ፑንጃብ ናቸው፤ እሱ እዚሁ ኒው ጀርሲ ተወልዶ አደገ። ፀጉሩን ተቆርጦ አያውቅም። ጥምጥም ያስራል።

መጀመሪያው ሳምንት ላይ ጠዋት ጠዋት ሲታገል አየዋለሁ። የጥምጥሙ ጨርቅ ረጅም ነው፣ 5 ሜትር ገደማ። ራስ ላይ ከመጠምጠሙ በፊት በቁመቱ ተወጥሮ፣ እጥፍ እጥፍ መደረግ አለበት። «ፑኒ» ይሉታል። የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ይህን ጫፍ ይይዛል፣ ሌላው ያንን፣ ከዚያ ይወጥራሉ። ቤቱ እያለ አባቱ ነበሩ የሚይዙለት። ዶርም ውስጥ አባት የለም። ስለዚህ ጫፉን የበሩ እጀታ ላይ ያስረዋል። ይላላበታል። ይጨማደዳል። ይፈታና እንደገና ይጀምራል። ክላስ ይረፍድበታል።

እኔ ደግሞ ጋቢ ሲታጠፍ ያደግኩ ልጅ ነኝ። እናቴ ታጥብና «ና ጫፉን ያዝልኝ» ትለኛለች። እዚያና እዚህ ቆመን እንወጥራለን፣ እናራግፋለን፣ እየተጠጋን እናጥፋለን። እናም በሦስተኛው ቀን ጫማዬን ሳላደርግ ተነሥቼ «ልያዝልህ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ጫፉን ሰጠኝ። «ወጥር» አለኝ። ወጠርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ሥራዬ ያ ነበር።

ብዙ ያወራነው እዚያ ላይ ቆመን ነው። እናቱ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት «ልጄ፣ ተቆረጥ» ብላ ለምናው ነበር። እምነቷን ጠልታ አይደለም፤ ፈርታ ነው። ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ፣ በአራተኛው ቀን፣ አሪዞና ሜሳ ከተማ ላይ ባልቢር ሲንግ ሶዲ የሚባሉ ሲክ የነዳጅ ማደያቸው ደጃፍ ተገደሉ። ገዳዩ ጥምጥማቸውን አይቶ ዓረብ መስለውት ነው። በነሐሴ 2012 ደግሞ ዊስኮንሲን፣ ኦክ ክሪክ ላይ አንድ ሰው ቤተ ጸሎት ገብቶ 6 ምዕመናን ገደለ። ጓደኛዬ ያኔ 15 ዓመቱ ነበር። በማግሥቱ እሱም ጥምጥሙን አስሮ ወጣ፣ እናቱም በር ላይ ቆማ አለቀሰች።

ይህን ሁሉ ሲነግረኝ የጨርቁን ጫፍ ይዤ ነው። ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ማለት ነው፤ ሁለታችንም ጨርቁን ነው የምናየው። እንደዚያ ባይሆን የሚነግረኝ አይመስለኝም።

በኋላ የባንግራ ቡድን ውስጥ ገባ። ባንግራ የፑንጃብ ገበሬዎች ጭፈራ ነው፣ በዶል ከበሮ የሚመታ። አሜሪካ ውስጥ ኮሌጆች ይወዳደሩበታል። የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1993 የጀመሩት ውድድር ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ልምምዱ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ፣ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ነበር። የቡድኑ ግማሽ ፑንጃቢ አልነበረም። ጉጅራቲ አለ፣ የኬረላ ልጅ አለ፣ አንዲት ቻይናዊት አለች። እኔም ገባሁ። አሰልጣኟ ትከሻዬን አይታ «ይህን የት ተማርክ?» አለችኝ። እስክስታ ነዋ!

ስለዚህ ሚሚ፣ ለጥያቄሽ ያለኝ መልስ ይህ ነው። ጓደኛዬ «የእኔ ቦታ» ያለው የሲክ ማኅበር ስብሰባ ላይ አይደለም። እዚያም ሄዶ ነበር። ፑንጃቢው የአሜሪካ ልጅ ፑንጃቢ ነው ብለው የሳቁበት አሉ። ቦታውን ያገኘው እግሩ እስኪያብጥ በዘለለበት መኪና ማቆሚያ ነው።

---

ስንቅነሽ

አቤል ወንድሜ፣ የጋቢው ነገር ሆዴን አባባው። እኔም ከእናቴ ጋር እንደዚያው ነበርኩ። ልጁ አሁንም ጥምጥሙን ያስራል?

---

አቤል_ኒውጀርሲ

ያስራል እህቴ። ባለፈው ዓመት አገባ። በሠርጉ ጠዋት አባቱ «ዛሬ አንተ ያዝለት» ብለው ጫፉን ሰጡኝ።

---

የቪዛጉ_ተመራቂ

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ኢትዮጵያ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት ህንድ፣ ቪሳካፓትናም ነው። እኛ «ቪዛግ» ነበር የምንላት። ባሕር ዳርቻ ያለች ደግ ከተማ ናት።

አንድ ነገር ላክልላችሁ። «ደቡብ እስያዊ» የሚል ሰው እዚያ አልገጠመኝም። እንዲያውም «ህንዳዊ ነኝ» የሚለውም ከእኔ ጋር ሲያወራ ብቻ ነው። እርስ በርሳቸው «ቴሉጉ ነው»፣ «ታሚል ነው»፣ «ቢሃሪ ነው» ነው የሚባባሉት። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ሒሳብ ያስተማሩኝ ከኬረላ የመጡ መምህር ነበሩ። በጃንሆይም በደርግም ዘመን ብዙ የህንድ መምህራን በየክፍለ ሀገሩ እንዳስተማሩ የኔ ዕድሜ ሰው ያውቃል። እኛ «ህንዱ» እንላቸዋለን። እሳቸው ግን «እኔ ማላያሊ ነኝ» ይሉን ነበር። ያኔ አልገባኝም። ቪዛግ ስሄድ ነው የገባኝ።

የዶርም ጎረቤቴ ከቢሃር የመጣ ልጅ ነበር። ቴሉጉ አይችልም። በገዛ አገሩ ባለሱቁን በእንግሊዝኛ ነው የሚያናግረው። ምግቡ ያቃጥለዋል፤ እኔን ግን አያቃጥለኝም፣ በርበሬ የለመድኩ ነኝና። ማታ ማታ እሱና እኔ አብረን ነበር የምንበላው። እንግዳ ማለት ድንበር የተሻገረ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ከእሱ ነው የተማርኩት።

ሌላም ልጨምር፣ ከእኛ ጋር የሚያገናኝ ነው። ሀይደራባድ ሄጄ ሳለ መንገድ ላይ አንድ ጎረምሳ «ሀብሺ!» ብሎ ጠራኝ። መጀመሪያ ሐበሻ መሆኔን ያወቀ መስሎኝ ደስ አለኝ። ጓደኛዬ አፈረ። ቃሉ በኡርዱና በሂንዲ ጥቁር ሰው መስደቢያ ሆኗል። መነሻው ግን እኛው ነን። ማሊክ አምባር በ1548 ገደማ ከኛ ምድር ተወልዶ ለባርነት የተሸጠ ሰው ነው። ደካን የሚባለው የደቡብ ህንድ ምድር ደርሶ የአህመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆነ። ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩትን ሙጋሎችን ለዓመታት ተዋጋ። በ1626 እዚያው ሞተ። አህመዳባድ ውስጥ በ1573 የተሠራው የሲዲ ሰይድ መስጊድ የድንጋይ መስኮቱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተፈለፈለ ነው። ያሠራው ሐበሻ ነው። እዚያው ሀይደራባድም «ኤሲ ጋርድስ» የሚባል ሰፈር አለ። የንጉሡ አፍሪካውያን ፈረሰኞች ሰፈር ነበር። ሲዲ የሚባሉት የእነዚህ ሰዎች ዘሮች ዛሬም ጉጅራትና ካርናታካ ውስጥ አሉ፤ ፓኪስታን ውስጥ ደግሞ ሺዲ ይባላሉ።

አሜሪካ ባለው 8 ባንዲራ ውስጥ አንድ ሲዲ ልጅ ቢገባ የህንዱ ጋ ሲቆም «አንተ የአፍሪካ ማኅበር ጋ ሂድ» እንደሚሉት አልጠራጠርም። ሚሚ ልጄ፣ ለሩምሜትሽ ይህን ንገሪያት። ብቻዋን አይደለችም።

---

ሚሚ_ኦሃዮ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታውኑ አነበብኩላት። ስለ ቢሃሩ ልጅ ስነግራት ሳቀች። የካትማንዱ ልጆች የእሷን ኔፓልኛ «የገጠር ነው» ይሏታል። ቅድመ አያቶቿ ከኔፓል ከወጡ ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ቋንቋውን ያቆዩት እንደያዙት ነው።

---

ሀያት_ቨርጂኒያ

እኔ ስለ ባንግላዴሽ ጓደኛዬ ልንገራችሁ። ያደገችው ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ነው። አባቷ ታክሲ ነጂ ናቸው። የእኔም አባት ታክሲ ነጂ ነው፤ መጀመሪያ ያቀራረበን እሱ ነው። አባቶቻችን ሲተኙ እኛ ትምህርት ቤት፣ እኛ ስንተኛ እነሱ ሥራ።

ይህን የምለው ሰው ሁሉ «የህንድ ልጆች ሀብታም ናቸው፣ ሁሉም ዶክተር ይሆናሉ» ስለሚል ነው። የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ሐኪምና መሐንዲስ የሆነውን መርጦ አስገባ። ስለዚህ መጀመሪያ የመጡት የተማሩት ነበሩ። በኋላ ወንድም እህታቸውን ጠሩ። በዲቪ የመጣም አለ። እንደ ሚሚ ሩምሜት በስደተኝነት የመጣም አለ። ካምፓስ ላይ ግን ሁሉም አንድ ስም ይሰጠዋል። ጓደኛዬ ማኅበሩ ውስጥ ስትገባ ለዓመታዊው ግብዣ ልብስ ብቻ 150 ዶላር አዋጡ ተባሉ። ወጣች።

ከዚያ የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበር መጣች፣ እኔ ያለሁበት። ኢፍጣር ላይ አብረን ነበርን። ደስ ብሏት ነበር። ግን እዚያም የሚወራው ቀልድ በኡርዱ ነው። አንድ ቀን አንዱ ልጅ «ቤንጋሊ ሆነሽ ኡርዱ አትሰሚም?» አላት። ለቀልድ ነው ያለው። እሷ ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

ለምን እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም። የአገሯን ታሪክ የነገረችኝ የዚያን ማታ ነው። በየካቲት 21, 1952 ዳካ ላይ ተማሪዎች «ቋንቋችን ቤንጋሊ ነው» ብለው ሰልፍ ወጡ። ፖሊስ ተኮሰባቸው። ያኔ አገሩ የፓኪስታን ምሥራቃዊ ክፍል ነበር፣ መንግሥትም ኡርዱ ብቻ ይሁን ብሎ ነበር። በ1971 ነው ባንግላዴሽ የሆነው። ዛሬ ዓለም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ብሎ የሚያከብረው ያችን ቀን ነው። የአያቷ ወንድም ሰልፉ ላይ ነበሩ።

በቀጣዩ የካቲት ላይብረሪው ፊት ለፊት ትንሽ ጠረጴዛ አወጣች። በወረቀት የሠራችው ነጭ ሐውልት፣ አበባ፣ ከዚያ ባዶ ሰሌዳ። «በእናትህ ቋንቋ አንድ ቃል ጻፍ» ይላል። እኔ «እማዬ» ብዬ ጻፍኩ። ያ የኡርዱው ልጅ መጣ። ቆሞ አነበበ። ከዚያ «አያቴ የምትናገረው ፑንጃቢ ነው፤ እኔ ግን መጻፍ አልችልም» አላት። እስኪመሽ እዚያው አብሯት ቆመ።

---

ዳዊት_ዳላስ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ልጅቷን አዝኜላታለሁ፣ ከልቤ። ግን ይህ ባንዲራ፣ ይህ ቋንቋ፣ ይህ ጎሳ፣ አይበቃንም? አገራችንን ምን እንዳደረጋት አይተናል። ወንድሜን ያጣሁበት ነገር ነው፣ ለወሬ አልጽፍም። እዚህ መጥተውም ልጆች በዘር ጠረጴዛ ሲሰለፉ ደስ አይለኝም። «አሜሪካዊት ነኝ» ብላ ብትኖር ምን ይጎድልባታል? ፓስፖርቱስ አላት።

---

ስቶክተን_ሰፈር

ዳዊት ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። የምትለው ይገባኛል። ግን የኔን ሰፈር ታሪክ ልንገርህ። ካሊፎርኒያ፣ ስቶክተን ነው የምኖረው። እዚህ በ1912 የተመሠረተ የሲኮች ቤተ ጸሎት አለ። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ነው።

እነዚያ ሰዎች «አሜሪካዊ ነኝ» ለማለት ሞክረዋል። ባጋት ሲንግ ቲንድ የሚባለው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን ሠራዊት ልብስ ለብሶ አገልግሏል። በ1923 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ነጭ አይደለህም፣ ዜጋ መሆን አትችልም» አለው። በሩ የተከፈተው በ1946 ነው፣ ያውም በዓመት 100 ሰው ብቻ እንዲገባ።

ተማሪም ነበራቸው። ዳሊፕ ሲንግ ሳውንድ በ1920 ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መጣ። ያረፈው የስቶክተኑ ቤተ ጸሎት ለተማሪ በከፈተው ማደሪያ ነው። በሒሳብ ዶክትሬቱን ሠራ። ሥራ ግን የሚሰጠው አልነበረም። እርሻ ገባ። ዜግነት ያገኘው በ1949 ነው። በ1956 ለኮንግረስ ተመረጠ፤ ከእስያ የመጣ የመጀመሪያው ተመራጭ እሱ ነው። ቀን ቀን እርሻ ላይ የሚለፉ ገበሬዎች ሳንቲም አዋጥተው ማደሪያ ባይከፍቱለት ኖሮ የት ያድር ነበር?

ያገር ልጅ መሰባሰብ ሁሉ መከፋፈል አይደለም ለማለት ነው።

---

ሚሚ_ኦሃዮ

ዳዊት፣ ስለ ወንድምህ በጣም አዝናለሁ። የምትለውን አልጣልኩትም። እሷም አንዳንዴ እንደዚያ ትላለች። ግን ባለፈው ዓመት፣ በ2025፣ የእነሱ ሰዎች ከአሜሪካ ወደ ቡታን ተባርረው ነበር። የወንጀል መዝገብ ያላቸው ናቸው ተብሎ። ቡታን ደግሞ አልተቀበለቻቸውም፣ በህንድ ድንበር በኩል መልሳ አስወጣቻቸው። ሩምሜቴ ዜጋ ናት። እንደዚያም ሆኖ ያን ሰሞን ፓስፖርቷን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ነበር ክላስ የምትሄደው። «አሜሪካዊት ነኝ» ማለት ያኔ አላሳረፋትም።

---

ኤደን_ካሊ

ሁላችሁም ስለ መሰባሰብ ጥሩ ጥሩውን ጻፋችሁ። እኔ ሌላውን ጎን ላንሳ፤ መሰባሰቡ ራሱ የሚያስፈራቸው ልጆች አሉ።

የማስተርስ ክላስ ጓደኛዬ ከህንድ የመጣች ናት። ዲዋሊ ለሚባለው የሂንዱ በዓል ግብዣ ሲጠሯት ሁልጊዜ ፈተና አለብኝ ትላለች። ሻይ ስትጠጣ እንኳ ከሌሎቹ የህንድ ልጆች ራቅ ብላ ነው። ዓመት ካለፈ በኋላ ነገረችኝ። ዳሊት ናት። ድሮ «አይነኬ» የሚሏቸው ማለት ነው። ሰው ሲተዋወቃት ጥያቄው ቀስ ብሎ ይመጣል። «ሙሉ ስምሽ ማነው?» የአባት ስም ዘር ይናገራል። «ሥጋ ትበያለሽ?» ይህም ይናገራል። «ከየትኛው ሰፈር ነሽ?» ይህም እንዲሁ። ፈረንጅ ቢሰማ ተራ ጨዋታ ነው። እሷ ግን እያንዳንዱ ጥያቄ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች። ስለዚህ 13 ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዛ መጥታ እንደገና ትደበቃለች።

አሠሪም ትምህርት ቤትም ቀስ በቀስ እየሰማ ነው። ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ በ2019 መጨረሻ ካስት፣ ማለትም ሰው ሲወለድ የሚወርሰው የመደብ ደረጃ፣ የመድልዎ ምክንያት እንዳይሆን ደንቡ ውስጥ አስገባ። በ2022 የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ 23ቱም ካምፓሶቹ ላይ እንዲሁ አደረገ። በ2023 ሲያትል ከአሜሪካ ከተሞች ቀዳሚ ሆነች። በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያ ምክር ቤት ያሳለፈውን ሕግ ገዥው ኒውሰም አልፈርምም አሉ፤ ያለው ሕግ ይበቃል ብለው። ሕጉን የተቃወሙ የሂንዱ ማኅበሮችም ነበሩ፣ «እኛን ብቻ ነጥሎ በጥርጣሬ ያሳየናል» ብለው። ስጋታቸውን ሰምቼዋለሁ። ግን ጓደኛዬ ስሟን የምትደብቀው ከፈረንጅ አይደለም።

ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኔ አያት ደግ ሴት ነበሩ። ግን ሸክላ የምትሠራው ጎረቤታቸው ቡና ስትመጣ ስኒዋ የብቻዋ ነበር። ልጅ እያለሁ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ለጓደኛዬ ይህን ስነግራት ረጅም ጊዜ እጄን ይዛ ቆየች። «እኛም ጋ ስኒው የብቻ ነው» አለችኝ።

---

የማታ_ፈረቃ_ቴክሳስ

ኤደን፣ ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ። የስኒው ነገር እኛም ቤት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እዚህ ተወልዶ ያደገውና ከዚያ ለትምህርት የመጣው አንድ አይደሉም። በ2023/24 የትምህርት ዘመን ከህንድ ብቻ 331,602 ተማሪዎች አሜሪካ ነበሩ፤ ከቻይናም በልጠው አንደኛ ሆኑ። እኔ የምኖርበት አፓርታማ ውስጥ ከሃይደራባድ አካባቢ የመጡ የማስተርስ ተማሪዎች ሞልተዋል። ባለ ሁለት መኝታ ቤት ለአምስት ይከራያሉ። በተራ ያበስላሉ፣ ተራው በወረቀት ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። የባንክ ብድር አለባቸው። እነሱ «ማን ነኝ» ብለው አይጨነቁም። ጭንቀታቸው ሥራና ቪዛ ነው።

እዚህ ያደጉት ደግሞ «ኤቢሲዲ» ይባላሉ። አሜሪካ ተወልዶ ግራ የገባው ዴሲ ማለት ነው። ዴሲ የመጣው አገር ከሚለው ቃላቸው ነው፣ «ያገር ልጅ» እንደምንለው። ባንድ ሕንፃ እየኖሩ ሰላም የማይባባሉ አሉ። አንዱ ሌላውን «ያላወቀ» ይለዋል።

ሦስተኛም አሉ፣ ማንም የማያነሳቸው። በወላጅ የሥራ ቪዛ በሕፃንነታቸው የመጡ። ንግግራቸው ፍጹም የቴክሳስ ነው። 21 ዓመት ሲሞላቸው ግን ከወላጅ ቪዛ ይወጣሉ። የወላጅ ግሪን ካርድ ወረፋ ለህንድ ሰው አሥርት ዓመታት ይፈጃል። አብሮኝ ማታ የሚሠራ ልጅ ነበረ። 21ኛ ልደቱን ሲያከብሩለት ኬኩን መቁረጥ አቃተው።

---

ስንቅነሽ

ሚሚ፣ ልጅቷ አሁን እንዴት ናት? ወደዚያ ማኅበር ተመለሰች?

---

ሚሚ_ኦሃዮ

ስንቅዬ፣ ዘግይቼ ነው የምመልስልሽ። ባለፈው ቅዳሜ አያቷ ቤት ወስዳኝ ነበር።

አያቷ እንግሊዝኛ አይችሉም። እኔ ኔፓልኛ አልችልም። ሻይ በወተትና በሄል አፍልተው ሰጡኝ። ከሩዝ ዱቄት የሚጠበስ ክብ ዳቦ አለ፣ «ሴል ሮቲ» ይባላል፣ እሱን አቀረቡ። ሦስት ስበላ ደስ አላቸው። አራተኛ ጨመሩ። ልክ እንደ እማማ።

ሩምሜቴ የሐያትን ጽሑፍ ለአያቷ እየተረጎመች ስትነግራቸው ነበር፣ የሰሌዳውንና የሐውልቱን። አያትየው ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ተነሥተው መኝታ ቤት ገቡ። ፕላስቲክ ውስጥ የታሸገ፣ ጠርዙ የተበላ ቢጫ ወረቀት ይዘው መጡ። የ1958ቱ ደረሰኝ ነው። አላቸው! ወረቀቱ እያላቸው ነው የተባረሩት። ባላቸው ታስረው ሲለቀቁ አገር ለቀው ወጡ፤ ያኔ እሳቸው ወረቀቱን መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው ወጡ። መጠለያው ሲቃጠል ይዘውት ሮጡ። አውሮፕላን ላይም በደረታቸው ይዘው ነው የመጡት።

ሩምሜቴ እንዳለ አታውቅም ነበር። 20 ዓመቷ ነው፣ አንድም ቀን አላዩትም እሷም እህቷም። ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው። አያቷ ፀጉሯን ይዳብሱ ነበር።

ወደ ማኅበሩ አልተመለሰችም እስካሁን። ግን በሚቀጥለው ወር የባህል ምሽት አላቸው። ትናንት ለፕሬዚዳንቷ ጻፈችላት። ባንዲራ የሌለው ጠረጴዛ ስጡኝ አለቻት። ልጅቷ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መለሰች፣ ይቅርታም ጠየቀች። ጠረጴዛው ላይ የደረሰኙን ኮፒ፣ ብርቱካንና ሄል ልታደርግ ነው። አያቷም ይመጣሉ። ዋናውን ወረቀት ግን አልሰጥም ብለዋል፣ እሳቸው ናቸው ይዘውት የሚቀመጡት።

እኔ የተመደብኩት ሴል ሮቲ ጥብሻ ላይ ነው። ክብ አልሆን ብሎኛል። ዛሬ ማታ እንደገና እንሞክራለን።